ፊርማ ጦርነትን ያቆማል፤ የሚጨርሰውስ ምንድን ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ሳምንት በመግሪብና በዒሻ መካከል ባለው የሲራ ደርሳችን ሑደይቢያን ስናነብ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ሰላም ተፈራረሙ ሲባል ጦርነቱ እውነት አበቃ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀን። ለክርክር ያነሳው ጥያቄ አልመሰለንም። ደርሱ አልቆ ሰው ሲበተን ጠጋ ብለን አነጋገርነው። ጥያቄው የእናቱ መሆኑን ነገረን። ታላቅ ወንድሙ ወደ ጦር ሜዳ ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ስምምነት ተፈረመ በተባለ ቁጥር እናቱ የልጇን ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ታስመታለች፤ ማታ መልሳ ታስገባዋለች። «ምን ልበላት?» አለን።

በሰዓቱ ያልነው «አላህ ያውቃል፤ ዱዓ አድርጉ» ብቻ ነበር። ዱዓው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ጎደሎ ነበር። ታሪክ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም አላለምና ዛሬ ሁለት የሰላም ውሎችን ጎን ለጎን አስቀምጠን ልናይ ወደድን። አንደኛው ሲፈረም ሽንፈት መስሎ የታየው የሑደይቢያ ሱልሕ ነው። ሁለተኛው ሲፈረም ምሕረት መስሎ የታየው የገርናጣ (የግራናዳ) ውል ነው። የመጀመሪያው ጦርነትን ወደ ማብቂያው አደረሰ። ሁለተኛውን ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ መከራ ተከተለው። ለምን?

▪ ለኡምራ ወጥተው በውል ተመለሱ

በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ በዙልቃዕዳ ወር (እ.ኤ.አ. በ628) ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ.) 1,400 ያህል ሶሓቦችን ይዘው ለኡምራ ከመዲና ወጡ። ኢሕራም ለብሰዋል፤ የሚታረዱ ግመሎች አስከትለዋል፤ ከመሣሪያ የያዙት በሰገባው ያለ የመንገደኛ ሰይፍ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በድር፣ ኡሑድና ኸንደቅ አልፈዋል። በኡሑድ ብቻ 70 ያህል ሙስሊሞች ሸሂድ ሆነዋል። ቁረይሾችም በበድር ታላላቆቻቸውን ቀብረዋል። ሁለቱም ወገን ሐዘንተኛ ነበር፤ ሁለቱም ወገን በቀል የሚጠይቅ ደም ነበረው።

ቁረይሾች መንገድ ዘጉ። ሙስሊሞቹ ከመካ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሑደይቢያ ሰፈሩ፤ መልእክተኞችም ተመላለሱ። ቀደም ሲል ወደ ሐበሻ ምድር ተሰደው የነበሩት ዑስማን (ረ.ዐ.) ለድርድር ወደ መካ ተላኩ። መመለሻቸው ሲዘገይ «ተገድለዋል» የሚል ወሬ ደረሰ። ያን ጊዜ ሶሓቦች ከዛፍ ሥር ቃል ኪዳን ገቡ፤ በይዐቱ ሪድዋን የሚባለው ይህ ነው። ወሬው ሐሰት ሆኖ ተገኘ። ልብ እንበል፤ ይህ ሱልሕ የተፈረመው ደም ሊፈስ ጥቂት ሲቀረው ነው።

ቁረይሾች በመጨረሻ የላኩት ተደራዳሪ ሱሀይል ኢብኑ ዐምር ነበር። ይህን ስም ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። የተስማሙባቸው ዋና ዋና ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

– ለ10 ዓመት ጦርነት አይኖርም፤ ሰው በሰላም ይንቀሳቀሳል።
– ሙስሊሞች ዘንድሮ ወደ ካዕባ ሳይደርሱ ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት መጥተው መካ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያሉ።
– ከቁረይሽ ወገን ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ወደ ሙስሊሞች የመጣ ይመለሳል። ከሙስሊሞች ወደ ቁረይሽ የሄደ ግን አይመለስም።
– ሌሎች ጎሣዎች ከፈለጉት ወገን ጋር የመወዳጀት ነጻነት አላቸው። በዚህም መሠረት ኹዛዓዎች ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር፣ በኑ በክሮች ከቁረይሽ ጋር ሆኑ።

ሦስተኛውን ነጥብ ደግማችሁ አንብቡት። ማንም ቢያየው ሚዛኑ ያዘነበለ ነው። ሱሀይል በአጻጻፉም አልተመቸም። ዐሊይ (ረ.ዐ.) «ረሕማን፣ ረሒም» የሚለውን ሲጽፉ አልቀበልም አለ። «የአላህ መልእክተኛ ሙሐመድ» የሚለውም ይሰረዝና በአባታቸው ስም ይጻፍ አለ፤ መልእክተኛ መሆናቸውን ብናምን ኖሮ አንዋጋቸውም ነበር የሚል ነበር ክርክሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ተቀበሉት። በወረቀት ላይ ስማቸው እንዴት እንደሚጻፍ ከሚከራከሩ ውሉ እንዲጸና መረጡ።

ዑመር (ረ.ዐ.) አልቻሉም። እኛ በእውነት ላይ አይደለንምን፣ ታዲያ ይህን ዝቅታ ለምን እንቀበላለን እያሉ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠየቁ፤ ከዚያም አቡበክርን (ረ.ዐ.) ጠየቁ። በኋላ ዘመናቸው ያን ቀን ስለተናገሩት እየተጸጸቱ ብዙ ይጾሙና ይመጸውቱ ነበር። ይህን የምናነሳው ለትምህርት ነው። በሰላም ውል የሚከፋ ሰው ሁሉ ሰላም የሚጠላ አይደለም። ከቅን ልብም የሚከፋ አለ።

▪ ቀለሙ ሳይደርቅ የመጣው ፈተና

ውሉ ገና እየተጻፈ ሳለ የሱሀይል የገዛ ልጁ አቡ ጀንደል ከመካ አምልጦ፣ በእግሩ ሰንሰለት እየጎተተ መጣና ሙስሊሞቹ መሀል ወደቀ። የታሰረው በመስለሙ ነበር። አባቱ ተነስቶ በውሉ መሠረት መጀመሪያ የሚመለሰው ይህ ነው አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለእኔ ብለህ ተወው ብለው ጠየቁት፤ እምቢ አለ። አቡ ጀንደል እየጮኸ ሙስሊሞቹን ተማጸነ።

መልሰው ሰጡት።

ታገስ፣ አላህ ለአንተና ለመሰሎችህ መውጫ ያበጅላችኋል፤ እኛ ለእነዚህ ሰዎች ቃል ሰጥተናል፣ አንከዳቸውም ብለው አጽናኑት። ዑመር (ረ.ዐ.) ከልጁ ጎን እየሄዱ የሰይፋቸውን እጀታ ወደ እሱ አስጠጉ፤ ስቦ አባቱን እንዲመታ ተስፋ አድርገው። ልጁ ግን በአባቱ ላይ እጁን አላነሳም።

ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ ስናስተምር እዚህ ጋ ቶሎ እናልፋለን፤ ምክንያቱም ያማል። ለእኛ ግን የሑደይቢያ እምብርት ይህ ነው። 10 ዓመት የሚለው ቁጥር በወረቀት ላይ ነበር። ቁረይሾች የሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል እውነት መሆኑን ያዩት ግን ያ ቃል የራሳቸውን ሰዎች ልብ እየሰበረም ሲጠበቅ ነው። ቃል ሲጠቅም መጠበቅ ንግድ ነው። ቃል የሚመዘነው በሚጎዳበት ቀን ነው።

ሶሓቦች እጅግ ከማዘናቸው የተነሳ እረዱ፣ ጸጉራችሁንም ተላጩ ሲባሉ ለጊዜው የተነሳ አልነበረም። እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.)፣ እሳቸውም የሐበሻ ስደተኛ የነበሩ፣ ማንንም ሳያናግሩ ወጥተው የራስዎን ይረዱ፣ ጸጉርዎንም ይላጩ ብለው መከሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ያን ሲያደርጉ ሕዝቡ ተከተለ። በመመለሻው መንገድ ላይ ሱረቱል ፈትሕ ወረደ፤ ሰዎች ሽንፈት ያሉትን አላህ ግልጽ ድል ብሎ ጠራው።

▪ ጦር ባልተሰበቀባቸው ሁለት ዓመታት

ድሉ ምን ነበር? መንገድ ተከፈተ። ሰው ከሰው ጋር ያለ ፍርሃት ተቀምጦ ማውራት ቻለ። የመካ ነጋዴ መዲና ገባ፤ የመዲና ሰው በገጠር ከጠላቱ ጋር ቡና እንደሚጠጣ ጎረቤት ተቀምጦ ተወያየ ብንል ለእኛ አገር አንባቢ ይገባዋል። ኢማም ዙህሪይ ከሑደይቢያ በፊት ከእሱ የበለጠ ድል አልነበረም ማለታቸው ተዘግቧል፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከዚያ በፊት ከሰለሙት የማያንስ ሰው ሰልሟልና። ኢብኑ ሂሻም ደግሞ ቁጥሩን ያስቀምጣሉ፦ ሑደይቢያ ላይ 1,400፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 10,000።

በ7ኛው ዓመት ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ከሐበሻ ከቀሩት ስደተኞች ጋር ኸይበር ላይ ደረሱ፤ ከብዙ ዓመት ስደት በኋላ። በዚያው ዓመት በዙልቃዕዳ ሙስሊሞች በውሉ መሠረት መካ ገብተው ኡምራቸውን አደረጉ፤ ሦስቱ ቀን ሲያልቅም ወጡ። በ8ኛው ዓመት ኻሊድ ኢብኑል ወሊድና ዐምር ኢብኑል ዓስ ወደ መዲና መጥተው እጅ ሰጡ። ኻሊድ በሑደይቢያ ጊዜ ፈረሰኞች ይዞ መንገድ የዘጋ ሰው ነበር።

ያ ያዘነበለው አንቀጽስ? አቡ በሲር የሚባል ሌላ አምላጭ መዲና መጣ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በውሉ መሠረት መልሰው አስረከቡት። በመንገድ ከወሳጆቹ አንዱን ገድሎ አመለጠና በቀይ ባሕር ዳርቻ ሰፈረ። አቡ ጀንደልም ከመካ አምልጦ ተቀላቀለው፤ ሰባ ያህል ሆነው የቁረይሽን ሲራራ ነጋዴ መጣል ጀመሩ። በመጨረሻ ቁረይሾች ራሳቸው ሰዎቹን ወደ መዲና ይውሰዱልን ብለው ለመኑ። ሚዛን ያጣው አንቀጽ በጻፉት እጅ ተሰረዘ።

▪ ውሉ ሲፈርስ

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብን፤ የ10 ዓመቱ ውል ሁለት ዓመት አልሞላም። በ8ኛው ዓመት በኑ በክሮች አል-ወቲር በተባለ የውኃ ቦታ በኹዛዓዎች ላይ በሌሊት አደጋ ጣሉ። ቁረይሾች መሣሪያ ሰጧቸው፤ ጥቂቶቹም በጨለማ ተከልለው አብረው ተዋጉ። ሸሽቶ ሐረም የገባ ሰው እንኳ አልዳነም።

የኹዛዓው ዐምር ኢብኑ ሳሊም አቤቱታ ይዘው መዲና መጡ። ይህን ነጥብ ያዙት፤ የተበደለው ወገን የሚሄድበት ደጅ ነበረው፤ ከደጁም ሰሚ አገኘ። ቁረይሾች ደንግጠው አቡ ሱፍያንን ውሉን እንዲያድስ ላኩት። ቀድሞ ሐበሻ ተሰደው የነበሩት ልጁ ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ.) እንኳ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ምንጣፍ ከሥሩ አጠፉበት። ያለ መልስ ተመለሰ።

በረመዳን (እ.ኤ.አ. ጥር 630 ገደማ) 10,000 ሰው መካ ገባ። ያ ሁሉ የግፍ ዘመን ታስቦ ከተማዋ ደም ትታጠባለች ተብሎ ቢጠበቅ አይገርምም ነበር። የሆነው ግን ጥቂት ሰዎች ካልሆኑ በቀር አጠቃላይ ምሕረት ነው። ቤቱን የዘጋ፣ መስጂዱል ሐራም የገባ፣ አቡ ሱፍያን ቤት የገባ ሰላም ነው ተባለ።

ሱሀይልስ? በዚያ ቀን ከጥቂቶች ጋር ኸንደማ ላይ ሊዋጋ ሞክሮ ሲሸነፍ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሌላው ልጁ ዐብደላህ (ረ.ዐ.) ሄደው ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የደህንነት ቃል አመጡለት። ከዚያ ሰለሙ። ከበድር በኋላ ሱሀይል ተማርኮ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ.) ዳግም በአንደበቱ እንዳይነሳብን የፊት ጥርሱን ላውልቅ ብለው ነበር፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ምናልባት አንድ ቀን የማትነቅፈው ቦታ ላይ ይቆም ይሆናል ብለው ከለከሉ። ያ ቀን መጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ባረፉ ጊዜ መካ ስትናወጥ፣ ሕዝቡን ከዲኑ እንዳይወጣ ቆመው ያጸኑት ሱሀይል ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ነበሩ። «የአላህ መልእክተኛ» የሚለውን ያሰረዘው አንደበት!

ታዲያ ጦርነቱን የጨረሰው ፊርማው ነው? ፊርማው ጊዜ ሰጠ። በጊዜው ውስጥ ቃል ተጠበቀ፤ ቃል ሲፈርስ የተበደለው ተሰማ፤ ኃይል ሲገኝም በቀል ተተወ። የጨረሰው የእነዚህ ድምር ነው።

▪ ገርናጣ፦ ያማረ ውል

አሁን ከሑደይቢያ ከ860 ዓመት በላይ እንለፍና ወደ አንደሉስ እንሂድ፤ ተመሳሳዩን ጥያቄ በተቃራኒው በኩል እናየዋለንና።

እ.ኤ.አ. ከ1482 ጀምሮ ፈርዲናንድና ኢዛቤላ የመጨረሻዋን ሙስሊም መንግሥት ገርናጣን ለአሥር ዓመት ወጉ። ከተማዋ ተከበበች፤ የሚደርስላት ጠፋ። አሚሯ አቡ ዐብደላህ ኅዳር 25 ቀን 1491 (እ.ኤ.አ.) ውሉን ተቀበለ፤ ጥር 2 ቀን 1492 የአልሐምራን ቁልፍ አስረከበ።

ውሉን ለሚያነበው ከሑደይቢያ እጅግ የተሻለ ነው። የሕዝቡ ሕይወትና ንብረት ይከበራል። መስጂዶችና ወቅፎች አይነኩም። ሙስሊሞች በሸሪዓቸው፣ በቃዲዎቻቸው ይዳኛሉ። ማንም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ አይገደድም። መሄድ የሚፈልግ በመርከብ ወደ ሰሜን አፍሪካ ይሻገራል። ነገሥታቱ ለራሳቸውና ለወራሾቻቸው ቃል ገቡ።

ለጥቂት ዓመታት ውሉ በአብዛኛው ተከበረ። ፍትሐዊ እንሁን፤ የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ ተላቬራ በስብከት እንጂ በግዴታ የማያምን ሰው ነበር፤ ካህናቱ ዐረብኛ እንዲማሩም አድርጓል። በ1499 ግን ካርዲናል ሲስኔሮስ መጣ። ማስገደድና በጅምላ ማጥመቅ ተጀመረ፤ የዐረብኛ ኪታቦች በአደባባይ ተቃጠሉ። በታኅሣሥ የአልበይሲን ሰፈር ሕዝብ ተነሳ።

ያን ሁከት ያበረዱት ጦር ሳይሆን ሁለት ሰዎች ናቸው። ተላቬራ ያለ መሣሪያ ወደ ሕዝቡ ገባ፤ ሕዝቡም በአክብሮት ተቀበለው። የከተማዋ አስተዳዳሪ የተንዲያ መስፍን ደግሞ ቃሉን ለማስተማመን ሚስቱንና ልጆቹን እዚያው በሙስሊሞቹ ሰፈር አስቀመጠ። ሱብሓነላህ! ሕዝቡ መሣሪያውን ያስቀመጠው በእነዚህ ሰዎች ቃል ነው። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በእነሱ እጅ አልነበረም። ቤተ መንግሥቱ የሲስኔሮስን ክርክር ተቀበለ፦ ካመፃችሁ ውሉ ፈርሷል፤ ወይ ተጠመቁ ወይ ቅጣታችሁን ተቀበሉ።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው። የአልቡሸራት (አልፑሃራስ) ተራሮች ሕዝብ ተነስቶ በ1501 ተደመሰሰ። በ1502 በካስቲል ግዛት ያሉ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ወይም እንዲወጡ ታዘዘ። በ1567 ዐረብኛቸውና ልብሳቸው ሳይቀር ተከለከለ። ከ1568 እስከ 1571 ሁለተኛ ጦርነት ተነሳ፤ በመጨረሻው 80,000 ያህል ሰው ከገርናጣ ተነቅሎ በካስቲል ተበተነ። ከ1609 እስከ 1614 ደግሞ 300,000 ያህል ሞሪስኮዎች ከመላው ስፔን ተባረሩ።

▪ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው?

የገርናጣ ውል የጎደለው ያማረ አንቀጽ አይደለም። የጎደለው ውሉ ሲጣስ የተበደለው የሚሄድበት ደጅ ነው። ኹዛዓዎች መዲና ነበረቻቸው። የአልበይሲን ሰዎች አቤት ያሉት ለበደላቸው ለዚያው መንግሥት ነው፤ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሆነ። ደግሞም ጠንካራው ወገን ቃሉን የጠበቀው ቃሉ እስካልከበደው ድረስ ብቻ ነበር። ሑደይቢያ ላይ ቃሉ በመጀመሪያው ሰዓት ከበደ፤ ሆኖም ተጠበቀ።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በሀገራችንና በኤርትራ መካከል በ1990 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በላ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ጥይቱ ቆመ። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ግን መሬት ላይ ሳይወርድ ድንበሩ ተዘግቶ እስከ 2010 ዓ.ም. ቆየ። ያን ጊዜ ሕዝቡ «ጦርነትም ሰላምም የሌለበት» የሚል ስም አወጣለት። እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን ሳያይ ከአሥራ ሰባት ዓመት በላይ አለፈ። ፊርማ ካለ በኋላ ማለት ነው።

ለወጣቱ የምንመልሰው እንግዲህ ይህ ነው። ወንድማችን፣ ለእናትህ ውሸት አትንገራት፤ ተስፋዋንም አትቁረጥባት። ፊርማው ጦርነቱ አብቅቷል ማለት አይደለም በላት። ግን ከንቱም አይደለም፤ በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። ሰዎች በበሩ ይግቡ አይግቡ የሚታወቀው ከፊርማው ማግስት ጀምሮ ነው፤ ቃሉ ሲከብድ ይጠበቅ እንደሆነ፣ የተበደለ አቤት ሲል ይሰማ እንደሆነ፣ ያሸነፈ መበቀል እየቻለ ይተው እንደሆነ።

እኛ ተራ ሰዎችም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ውል የሚፈርሰው በጀነራሎች ብቻ አይደለም። በበኑ በክር ዓይነት አሮጌ ቂም፣ በጨለማ መሣሪያ በሚያቀብል እጅ፣ በገበያና በለቅሶ ቤት በሚነገር ክፉ ቃልም ይፈርሳል። ከተዋጉት ወገን የሆነ ጎረቤት አለን? ሰላም እንበለው። ከዚያ ወገን ልጁን ያጣ አለ? ለቅሶ እንድረሰው። ጥርሱ ይውለቅ የምንለው ሰው ነገ የት እንደሚቆም አናውቅም።

ፍራሹንም ፀሐይ ታስመታው። እኛም ከእሷ ጋር ዱዓ እናደርጋለን። አላህ የጠፉትን ይመልስ፤ የሞቱትን ይማር፤ ቃል የሰጡትን ቃላቸውን የሚጠብቁ ያድርጋቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።